ወንዛችንና አጋሮቹ

ቲሸርት በታደለበት ቦታ ቁም ነገር ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ምናልባት በእናንተ ሰፈር ይኖር ይሆናል። እኛ ሰፈር ግን ቲሸርት ከመጣ ሥራው አለቀ ማለት ነው። አለቀ ስላችሁ ተሠርቶ አይደለም፤ ፎቶው ተነስቶ ነው።

ሰፈሬ መካኒሳ ነው። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብላችሁ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ የሚጀምርበት፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ኮብልስቶኑም ተስፋ ቆርጦ የሚቆምበት። እዚያ የቧንቧ ዕቃ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ከሱቄ በታች ቁልቁለት ነው፣ ከቁልቁለቱ በታች ወንዝ ነው። ወንዝ አልኩት እንጂ በበጋ ብታዩት ታፍሩለታላችሁ። ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ተሸክሞ እያቃሰተ የሚሄድ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ላይ ብስራተ ገብርኤል ዝናብ ከጣለ፣ እኛ ጋ ፀሐይ እያለም ቢሆን ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ አያንኳኳም።

መጀመሪያ የሚገባው እነ ጋሽ ወርቁ ቤት ነው። ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ከአልጋ የሚያነሷቸውም የሚያስተኟቸውም ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ምላሳቸው ግን አልተነካም። እንዲያውም የእግራቸውን ሥራ ደርቦ የያዘ ይመስለኛል። ልጅ የላቸውም፤ ሌላ ቤትም የላቸውም። እትዬ አስካለ ለብዙ ክረምት የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በወንዙ ዳር የድንጋይ ግንብ ይሠራልን የሚል። ውሃው በድንገት ቢመጣ ባላቸውን ብቻቸውን አዝለው ዳገቱን አይወጡትማ! ወረዳውን ለምነዋል። ክፍለ ከተማውን ለምነዋል። አቦንም ለምነዋል፤ አቦ ቢያንስ በጀት የለም አላሏቸውም።

ባለፈው ግንቦት ታዲያ ወረዳው ስብሰባ ጠራን። አዳራሹ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ባነር ተሰቅሏል። ከተማችን አደጋን የመቋቋም አቅሟን ከንግዱ ማኅበረሰብ ጋር በአጋርነት ትገነባለች ይላል። አንብበን ስንጨርስ ደክሞን ነበር። የወረዳው ኃላፊ ተነሱና፣ መንግሥት ብቻውን አይችለውም፣ ድርጅቶችም እጃቸውን ያስገቡ፣ ጎርፍ የግል ነው የመንግሥት ነው ብሎ አይመርጥም አሉ።

ሐሳቡ ክፉ ነው? አይደለም! ላይ ያሉት ፎቆች የጣሪያቸውን ውሃ የሚለቁት ወደ እኛ ነው። ፋብሪካዎቹ ግቢያቸውን በኮንክሪት ደፍነው ዝናቡን በቱቦ ቁልቁል ይልኩልናል። ውሃውን የላከ ሰው በግንቡ ቢያግዝ ምን ነውር አለው? እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። ከዚያ አጋራችን ማን እንደሆነ ተነገረን፤ የቀለም ፋብሪካ።

የቀለም ፋብሪካ ለጎርፍ ምን ይሰጣል? ቀለም ነዋ! እኛ ጋ አጋርነት ማለት ሁሉም የተረፈውን የሚሰጥበት እንጂ የጎደለ የሚሞላበት አይደለም። የፍራሽ ፋብሪካ ደርሶን ቢሆን ፍራሽ ይሰጠን ነበር፤ ፍራሹም ከእኛ ጋር ይሰምጥ ነበር። ቢራ ፋብሪካ ባለመሆኑ የተቆጩም አልጠፉም፤ ስማቸውን አልጠራም።

እትዬ አስካለ እጃቸውን አወጡና ግንቡስ ብለው ጠየቁ። የፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፣ ድምፀ ለስላሳ ልጅ ናት፣ ግንቡ በሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚታይ አስረዳቻቸው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግንዛቤ ነው አለች። ጎርፍ መኖሩን እንድንገነዘብ ማለት ነው። እንግዲህ እትዬ አስካለ ጎርፍ ከአልጋ ሥር በጆግ እየቀዱ የሚደፉ ሴት ናቸው። ምን ቀርቷቸው ነው ደግሞ የሚገነዘቡት? እሳቸው ግን ጨዋ ናቸውና እሺ ልጄ ብለው ተቀመጡ። ቲሸርትና ኮፍያ ታደለ። የእትዬ አስካለ ቲሸርት እስከ ጉልበታቸው ደረሰ።

ግንዛቤው የተፈጸመው በእነ ጋሽ ወርቁ ግድግዳ ላይ ነው። የአደጋ መስመር የሚባል ቀይ መስመር ይሰመራል ተባለ። ውሃው ቀዩን መስመር ሲነካ ለወረዳው ይደወላል፤ ወረዳው መኪና ይልካል፣ ፋብሪካው ሠራተኞቹን ይልካል። መልካም ነው፤ በዚህም አልተጣላንም። የዐምናው ጎርፍ የጭቃ ግድግዳው ላይ የተወው ምልክት ገና አልለቀቀም ነበር፣ ጉልበት አካባቢ። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ነክሮ እዚያው ላይ ሊጀምር ሲል ልጅቷ ቆይ አለችው። ወደ ኋላ ሄዳ በስልኳ አየች። ፎቶው አላማራትም። መስመሩ እዚያ ከሆነ የፋብሪካው ዓርማ ከሥሩ አይገባማ! ከዓርማው ሥር ደግሞ "አብረን እንቋቋማለን" የሚል ጽሑፍ አለ። እሱም ሣሩ እንዳይሸፍነው ትንሽ ከፍ ማለት አለበት።

ስለዚህ መስመሩ ወጣ። አሁንም ወጣ። የወረዳው ኃላፊ በዚህ በኩል በዚያ በኩል እያሉ ሲያስተካክሉ ቆዩና በመጨረሻ ከመስኮቱ በላይ ሲሆን ሁሉም አማረ አሉ። ጎርፉን ግን የጠየቀው የለም። ጋሽ ወርቁ ከአልጋቸው ሆነው በመስኮት ሲከታተሉ ኖሯል። ልጅቷን ጠሯትና፣ "ልጄ፣ ውሃው እዚያ ሲደርስ እኮ የሚደውልላችሁ እኔ አይደለሁም፤ ዓሣ ነው" አሏት። ልጅቷ እንደ ምርቃት ወስዳው አሜን አለች። ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ላስቲክ ቱቦ እየለካሁ ሳለ ድምፁን ሰማሁት። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ሌላ ነገር ነው ብሎ አይሳሳትም። ሁሉን ጥዬ ቁልቁል ሮጥኩ። ውሃው በበሩ ገብቶ በጓሮ መውጫ አጥቶ ቤቱ ውስጥ ይዞራል። ድስት ይንሳፈፋል፣ ጫማ ይንሳፈፋል። አልጋው ረጥቧል። እትዬ አስካለ ውሃው ውስጥ ቆመው ባላቸውን ከኋላ አቅፈው፣ የጋሽ ወርቁን ጭንቅላት ወደ ላይ ይዘው ይጮኻሉ። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ።

ደወልኩ። የወረዳው ኃላፊ ራሳቸው አነሱ። ውሃ ቤት ገብቷል፣ ሰው ሊሞት ነው አልኳቸው። መስመሩን ነክቷል ወይ አሉኝ። አልጋው ላይ ደርሷል አልኳቸው። አልጋውን አይደለም የጠየቅኩህ፣ መስመሩን ነው አሉ። ገና ነው ስላቸው ጊዜ በጣም ተረጋጉ። እንግዲያው በቅርበት ተከታተሉና ሲደርስ አሳውቁን፣ ካልደረሰ አጋራችንን ማንቀሳቀስ ከስምምነቱ ውጭ ነው አሉኝ። ሰው በሕይወቱ ስንት ዓይነት ጅል ያያል ጃል! ስልኩን ዘጋሁት እንጂ የመጣልኝ ስድብ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

የሰፈሩ ወንዶች ደረሱ። ከሱቄ ደጃፍ አግዳሚ አምጥተን ጋሽ ወርቁን አስተኛናቸው፣ በነጠላ አሰርናቸው፣ ተሸክመን ወጣን። ጭቃው ያንሸራትታል፣ ዳገቱ አያልቅም። ጋሽ ወርቁ አግዳሚው ላይ ተንጋለው፣ "ዳገት እኮ ነው፣ ማርሽ ቀንሱ እንጂ!" እያሉ ይቆጡናል። እየሳቅን ልንጥላቸው ነበር። ላይ ደርሰን ሳናስቀምጣቸው የቤቱ የጓሮ ግድግዳ ወረደ። ጣሪያውም ግማሹ ተከተለ። የፊቱ ግድግዳ ብቻ ከነመስመሩ ከነዓርማው ቆሞ ቀረ፤ መስመሩ አልረጠበማ!

አሁን፣ ይኼ ሰውዬ ወረዳና ፋብሪካን ሰድቦ ሲያበቃ እድራችንን ሊያሞግስ ነው ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አትጠብቁ። እትዬ አስካለ ከፍርስራሹ ዕቃዬን ሳልለቅም ከዚህ አልርቅም አሉ። እንግዲያው ከሱቄ አጠገብ ባለው ሜዳ የእድሩን ድንኳን እንትከልላቸው ተባለ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ሽፈራው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በኪሳቸው እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንኳን የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው አሉ። ውስጠ ደንቡ ነው አሉ። ዛሬ ለጎርፍ ካወጣን ነገ ለልደት ይጠይቁናል አሉ። ጅልነት የባለ ቲሸርት ብቻ መስሏችሁ ነበር?

ጋሽ ወርቁ ብርድ ያንቀጠቅጣቸዋል። አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ "ሽፈራው፣ በጣም ከቸገረህ ልሙትልህ?" አሏቸው። አቶ ሽፈራው ደነገጡ። ቁልፉ ወጣ።

ድንኳኑ ተተከለ። ጋሽ ወርቁ በደረቀ ፍራሽ ላይ ጥግ ተኙ፤ ብርድ እንዳያገኛቸው በሸራ ጋረድናቸው። በማግስቱ ሰፈርተኛው እንኳን ተረፋችሁ ሊል መምጣት ጀመረ። ሴቶቹ ምግብ ይዘው ነጠላ ደርበው መጡ። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ልብሳቸው ሁሉ ጭቃ ስለበላው ከጎረቤት የተዋሱትን ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል። ያለቀሱበት ዓይናቸው አብጧል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ከመንገድ ሆናችሁ ብታዩት ምን ትላላችሁ?

እነሱም ያንኑ አሉ። የፋብሪካውና የወረዳው መኪኖች ተከታትለው መጥተው ቆሙ። የመጡት ውሃው መስመሩን አለመንካቱን ሊቀርጹ ነበር፤ ካሜራ ይዘዋል። ድንኳኑን ሲያዩ እርምጃቸው ቀዘቀዘ። ባለ ዓርማ ኮፍያቸውን አወለቁ። ካሜራው ወደ መኪና ተመለሰ። አንገታቸውን ደፍተው ገቡና ተቀመጡ። ሰው ለቅሶ ቤት ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። የወረዳው ኃላፊ ጎንበስ ብለው እትዬ አስካለን እግዚአብሔር ያጥናዎት አሏቸው። እትዬ አስካለ አሜን አሉ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው አሜን ሳይል ምን ይበል? ማንም አልዋሸም፣ ልብ በሉ።

ልጅቷ ግን አለቀሰች። ከልቧ ነው ያለቀሰችው፤ ዓሣ ሲሏት አሜን ማለቷ ትዝ ብሏት ይሆናል። ከዚያ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ብድግ አሉ። እኚህ አባት ዝም ብለው አይቀሩም አሉ። በስማቸው የመታሰቢያ ግንብ በወንዙ ዳር መስከረም እንደጠባ ይጀመራል፣ ድንጋዩም ሲሚንቶውም ከእኛ አሉ። የወረዳው ኃላፊ ሊበለጡ ነው? ማሽኑና መሐንዲሱ ከወረዳው ነው አሉ። ሥራ አስኪያጁ የሠራተኛውንም ምግብ ጨመሩ። ኃላፊው ግንቡ እስከ ድልድዩ ይርዘም አሉ። ለቆመ ሰው አንዲት ድንጋይ ያልነበራቸው ሰዎች ለሟች ሲሆን ተሻሙልን።

አግዳሚው ላይ ያለነው ተያየን። አንድ ሰው መናገር ነበረበት። ማን ይናገር? ሁላችንም ወደ አቶ ሽፈራው አየን፤ ደንብ አክባሪው እሳቸው ናቸዋ። አቶ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከሁሉ ጎላ ባለ ድምፅ፣ "ነፍስ ይማር" አሉ። እትዬ አስካለ አፋቸውን ከፈቱ። ቁልቁል ወደ ወንዙ አዩ። ዘጉት።

በዚህ መሀል ሸራው ተንቀሳቀሰ። ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብዬ ዞሬ ገባሁ። ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን አፍጥጠው ተኝተዋል፤ ሁሉን ሰምተዋል። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ ጋሼ ምን ይሻላል፣ እንናገር እንዴ አልኳቸው። በደህና እጃቸው ኮሌታዬን ይዘው ወደ አፋቸው ሳቡኝ።

"ዝም በል አንተ! ግንቡ እስኪያልቅ ሞቻለሁ" አሉኝ። "ይልቅ አስካለን ምሳዬን በጓሮ በኩል አምጪ በላት።"