በአፈሙዝ የተፈታ ኩርፊያ

ካርቱም ውስጥ የኖረ ሐበሻ ሦስት ጥያቄ አያጣም። ከየት ነሽ? ሃይማኖትሽ ምንድን ነው? ከማን ጋር ነሽ? የመጀመሪያውን ባለሱቁ ይጠይቃችኋል፤ ሁለተኛውን የምትሠሩላት እመቤት። ሦስተኛውን የሚጠይቃችሁ ግን የገዛ አገራችሁ ሰው ነው። ለሱዳኖች እኛ ሁላችን "ሐበሽ" ነን፤ በቃ። ልዩነታችንን ከአገር ቤት ጠቅልለን ይዘን የምንመጣው እኛው ነን። ድንበር ላይ የሚበረብር ፖሊስ ሁሉን ሲያገኝ እሱን አያገኝም።

እኔ ዘይነባ እባላለሁ፤ የወሎ ልጅ ነኝ። ሰው ቤት ስሠራ ጠጉሬ እዚህ ሸብቷል። አባቴ ሰጋጅ ነበሩ፤ የእናቴ አባት ደግሞ ቄስ። ለዒድም ለፋሲካም ቤታችን ሁለት በግ ይታረዳል፤ አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ። እንግዳ ይገረማል፤ ለእኛ ግን ቢላ የመለየት ጉዳይ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሃይማኖት ሰውን ያጣላል ሲሉኝ ብዙም አይገባኝም። ሃይማኖታቸው አንድ የሆነ ሰዎች እንዴት እንደሚጣሉ ግን ጀሪፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ የምንኖርበት ግቢ ውስጥ አይቻለሁ።

አስናቀ የጎንደር፣ ሐጎስ የትግራይ ልጅ ነው። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለችው ክፍል አብረው ይኖሩ ነበር። ሥራቸውም አብሮ ነው፤ ሴራሚክ ማንጠፍ። ሐጎስ ካርቶኑን በትከሻው እየተሸከመ ፎቅ ያወጣል፣ ሲሚንቶ ያቦካል፤ አስናቀ እየቆረጠ ያነጥፋል። እሁድ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ጎን ለጎን ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ላያቸው መንታ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ አገር ቤት ጦርነት መጣ። የአስናቀ ታናሽ ወንድም ዘምቶ ሳይመለስ ቀረ። የሐጎስ እናት ያሉበት ከተማ ስልኩ ተቋረጠና፣ ሐጎስ የማይጠራ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚውል ሰው ሆነ። ሁለት ኀዘንተኞች ነበሩ፤ መላቀስ ሲገባቸው አንድ ቀን አስናቀ አንድ ቃል ተናገረ፣ ሐጎስ የባሰውን መለሰ። ቃሎቹን አልደግምላችሁም፤ ስልካችሁን ብትከፍቱ ታገኟቸዋላችሁ።

ከዚያ በኋላ ተዘጋጉ።

የተኳረፈ ሰው ቤቱን መለየት ነበረበት። እነሱ ግን ካርቱም ውስጥ ሌላ ክፍል ከየት ያምጡ፤ ያችኑ በመጋረጃ ከፈሏት። ያለ አቡኪም አንጣፊ የለም። እናም ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ተንበርክከው ይሠሩና፣ መስመሩ ሲዛነፍ አስናቀ ወደ ግድግዳው ዞሮ "ይሄ ነገር ጠመመ" ይላል። ግድግዳው ለሐጎስ ያስተላልፋል። ቤት ሲገቡ ግድግዳዋ እኔ ነኝ።

"ዘይኑ፣ መታጠቢያውን ይልቀቅ በዪው።"

"ዘይኑ፣ ገና ሳሙና ላይ ነኝ በዪልኝ።"

ከአማርኛ ወደ አማርኛ የማስተረጉም፣ በዓለም ላይ ብቸኛዋ አስተርጓሚ ሳልሆን አልቀርም። ቤተ ክርስቲያንም አንዱ ማልዶ ሄዶ ሲመለስ ነው ሌላው የሚወጣው። አንድ አምላክ፣ በሁለት ፈረቃ።

የካርቱም ጦርነት የጀመረ ዕለት ለእነሱ የፋሲካ ዋዜማ፣ ለእኔ የረመዳን መገባደጃ ነበር። ሦስታችንም ጾመኛ። መድፉ ሲያጓራ ሦስታችንም እኔ አልጋ ሥር ገባን፤ መሃል የገባሁት እንደ ልማዴ እኔ ነኝ። ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ አፈር ይዘንብብናል፤ እኔ ሸሃዳ እያልኩ ነው። በዚያ መሃል አስናቀ በጆሮዬ፣ "ዘይኑ፣ እግሩን ይሰብስብ በዪው።"

ሳምንታት አለፉ። መብራት ጠፋ፣ ቧንቧው ደረቀ። ጎረቤት ካሮ የሚሉትን የአህያ ጋሪ አዋሰንና ጀሪካን ጭነን ወደ ዓባይ ወረድን፤ አስናቀ ከፊት፣ ሐጎስ ከኋላ፣ እኔ መሃል። ከወንዙ በፊት ኬላ ነበር። የየትኛው ወገን ወታደሮች እንደሆኑ አትጠይቁኝ። በሩቁ በልብሳቸው ይለያሉ፤ ቀርባችሁ ስታዩአቸው ያው የራባቸው ልጆች ናቸው።

ያን ሰሞን "ሐበሾች ለዚያኛው ወገን እየተቀጠሩ ይዋጋሉ" የሚል ወሬ ነበር። አለቃቸው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም የለበሰ ወጣት፣ ወንዶቹን ሸሚዛችሁን አውልቁ አላቸው። የሐጎስ ትከሻ ላይ ጠባሳ አለ።

"ይሄ የጠመንጃ ማንገቻ ነው" አለ አለቃው።

"የሴራሚክ ካርቶን ነው" አለ ሐጎስ።

ማን ይሰማዋል? ከግድግዳ አስደግፈው አስቀመጡት። አንዱ ጠመንጃውን አቀባበለ።

"ወንድሜ ነው!" አልኩ።

አለቃው ሒጃቤን አየ፣ የሐጎስን የአንገት ማተብ አየ። "አንቺ ሙስሊም፣ እሱ ክርስቲያን። እንዴት አድርጎ?" ስለ ሁለቱ በጎች ላስረዳው ስል አልጠበቀኝም። ወደ አስናቀ ዞረ። "አንተስ? ታውቀዋለህ?"

አስናቀ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወንድሙን የበላበትን ጦርነት እያሰበ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አንገቱን ቀና አደረገ።

"ሸቂቂ" አለ። የአባቴም የእናቴም ልጅ ማለቱ ነው።

"ወንድምህ ከሆነ አናግረው" አለ አለቃው። "ያላ! በቋንቋችሁ።"

ተመልከቱልኝ እንግዲህ፤ ሊያናግረው ነው። አስናቀ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

"ተናገር እንጂ፤ ምን ይዘጋሃል?" አለ በመጨረሻ።

"የዘጋኸኝ አንተ!" አለ ሐጎስ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! ግድቡ ተናደ። ወንድሜ ሲሞት "ነፍስ ይማር" እንኳ ብለኸኛል? ይላል አስናቀ። ብዬ ነበር፣ ጀርባህን ሰጠኸኝ! ይላል ሐጎስ። የእናትህ አገር ሰው ነው የገደለው! እናቴን አንተ የላክኸው ጦር ነው ያስራባት! እኔ ማንን ላክሁ? እኔ ሲሚንቶ ላይ ነበርኩ! እኔስ የት ነበርኩ፣ ያንን ሲሚንቶ ማን አቦካልህ? ሐጎስ ከግድግዳው ተነስቶ የአስናቀን ክንድ ይዞ ይንጠዋል፤ አስናቀ ይገፈትረዋል። ጠመንጃውን ሁለቱም ረስተውታል። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ እንደ ሕፃን፣ ንፍጣቸውን ሳይጠርጉ።

"እናትህስ?" አለ አስናቀ ትንፋሽ ሲያጥረው። "አሁን እንዴት ናቸው?"

"ሞተች። ስልኩ ሲከፈት ነው የሰማሁት።"

አስናቀ መንገዱ ላይ ቁጭ አለ።

አለቃው ከአማርኛው አንዲት ቃል አልገባውም። ግን ያቀባበለውን ልጅ ጠመንጃ አፈሙዝ በእጁ ወደ መሬት አወረደ። "ኻላስ፣ ኻላስ" አለ። "ወንድማማች ናቸው። ባዳ ከባዳ ጋር እንዲህ አይጣላም።" ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ "የእኔው ወንድም ድልድዩ ማዶ ነው። ከእነዚያ ጋር" አለ። ሂዱ ብሎ እጁን አወናጨፈ።

ውሃችንን ቀዳን። ስንመለስ እኔ ጋሪው ኋላ ነበርኩ፤ መሃል የሚገባ ሰው አላስፈለጋቸውም።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ሰሌን ዘረጋሁና ለቅሶ ተቀመጥን፤ ለሐጎስ እናት እና ለአስናቀ ወንድም። የግቢያችን ባለቤት ሐጃ ሰዓዲያ ከቤታቸው ወጡ። ሴትየዋ ልጃቸው ዳቦ ሊገዛ ተሰልፎ ሳለ ባራሪ ጥይት የገደለባቸው ናቸው፤ መቃብር ድረስ መሄድ ስላልተቻለ እዚያው ጓሯችን ቀብረነዋል።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉ።

"የዚህ እናት፣ የዚያ ወንድም።"

"መቼ?"

"ቆይቷል፣ ሐጃ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ?"

እስከ ዛሬ ተኳርፈው ነበር ይባላል? ሐጃ መልሴን አልጠበቁም። ሁለቱን ሰዎች ትንሽ አዩአቸውና፣ እጃቸውን ዘርግተው የቁርአኑን መጀመሪያ፣ ፋቲሓን፣ ቀሩላቸው። ከዚያ ሊሄዱ ሲሉ ቆሙ። "እኔም የልጄን ለቅሶ አልተቀመጥኩም" አሉ። "ሰው መምጣት አልቻለም ነበር።" ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አስናቀ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ሐጎስ ነጠላውን አውልቆ ጉልበታቸው ላይ ጣለላቸው። ሦስት ሙት በአንድ ሰሌን፣ በቁርአንም በአቡነ ዘበሰማያትም አለቀስን። ማዶ መድፉ ሥራውን አላቆመም።

ታዲያ ታረቁ ወይ ትሉኛላችሁ። ሐጎስ በኋላ ወደ ገዳሪፍ ሄደ፤ እዚያው ከስደተኞች ጋር ነው። አስናቀ እዚሁ ጀሪፍ ቀርቶ የፈረሰ ቤት ያነጥፋል። ኔትወርክ ሲገኝ ይደዋወላሉ፤ "ጤና ይስጥልኝ" ከተባባሉ በኋላ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ይጀምሩና ግቢው ይደበላለቃል። በአንድ ነገር ተስማምተው ሰምቼ አላውቅም። ሐጃ "እነዚህ ሰዎች እንደገና ተጣሉ እንዴ?" ይሉኛል። አብሽሪ ሐጃ፣ እላቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው። እኔ ዱዓ ሳደርግ ሰላም ስጣቸው ማለቱን ትቼዋለሁ፤ ጭቅጭቃቸውን አርዝመው ነው የምለው።