ባሕሩ በጠፋ ቀን ያላንኳኳሁት በር

ዛሬ ጠዋት ባሕር ጠፋብኝ።

ቁልፍ አይደለም። ስልክ አይደለም። ባሕር! ትናንት በለጠፍኩት ፎቶ ላይ ከጀርባዬ ያያችሁት፣ "ወይ መታደል" እያላችሁ ኮመንት የሰጣችሁበት ያ ሰማያዊ ውሃ፣ እሱ ራሱ።

ስቃችሁ ስትጨርሱ ልቀጥል።

ለማታውቁን፦ ኮተቤ ነው የምንኖረው። እኔ፣ ባሌ ነጂብ፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆናት ልጃችን ሂክማ፣ እና የነጂብ እናት እማማ ዘይነባ። የነጂብ እህት ዳሬሰላም ትሠራለች። እናቷ ባሕር ሳያዩ እንዳይቀሩ ብላ ዛንዚባር ጋበዘቻቸው። እማማ ያለ ሂክማ አልሄድም አሉ። ሂክማ ደግሞ ያለ እኔ አትሄድም። ነጂብ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ተጨመረ። እህትየው ቅዳሜ ትቀላቀለናለች፤ እስከዚያ እኛው ነን።

ትናንት ከሰዓት ስንደርስ ውሃው የሆቴሉን ደረጃ ይልስ ነበር። ሂክማ አንዴ አየችውና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ሂድ በይው" እያለች አለቀሰች። ለሷ ባሕር ሰው ነው። ወደኛ መጥቶ የሚመለስ፣ መግባትና መውጣቱን መወሰን ያቃተው ትልቅ ሰውዬ።

እማማ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ አዩት። ጥያቄያቸው አያልቅም። ጨውን ማን ጨመረበት? ማዶው ማን ይኖራል? ይሄ ሁሉ ውሃ ማታ ማታ ይተኛል ወይ?

እኔ ለሁሉም መልስ ሰጠሁ። በሙሉ ልብ! ይሄን ያዙልኝ።

ዛሬ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሂክማን አቅፌ በረንዳ ላይ ወጣሁ።

ባሕር የለም።

አሸዋ አለ። ጭቃ አለ። እዚህም እዚያም ኩሬ፣ በጎናቸው የተጋደሙ ጀልባዎች። ውሃው ከሰማዩ ሥር እንደ ቀጭን ክር ይታያል፤ ከኛ ቤት እስከ ከተማው ዳር ካራ ያህል ርቆ።

ያኔ አንድ ቪዲዮ ትዝ አለኝ። እናንተም ሳታዩት አትቀሩም። ባሕሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሰው ዛጎል እየለቀመ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም።

ሱናሚ።

ነጂብን ከነአንሶላው ጎትቼ ከአልጋ አወረድኩት። ከዚያ የሆቴሉን በሮች አንድ በአንድ በቡጢ ደበደብኩ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም "ሱናሚ፣ ተነሱ" አልኩ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የጥርስ ብሩሹን ነክሶ ወጣ። ሚስቱ ትራስ ታቅፋ ተከተለችው። ሙሽሮች የሚመስሉ ባልና ሚስት በአንድ አንሶላ ተጠቅልለው ወጡ፤ እነሱን ዳግመኛ ቀና ብዬ ማየት አልችልም።

አሁን ወዴት ይሸሻል?

እኔ የካ ያደግኩ ሰው ነኝ። እኛ ሰፈር የትም ብትዞሩ ዳገት አታጡም፤ ዝም ብላችሁ ብትሮጡ እንጦጦ ትወጣላችሁ። ይሄ ደሴት ግን እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነው። ያገኘሁት ከፍታ የሆቴሉ የውሃ ታንከር የተቀመጠበት የብረት ማማ ብቻ ነው።

ሂክማን በሻርፕ ጀርባዬ ላይ አስሬ መሰላሉን ወጣሁ። የለበስኩት ፒጃማ ላይ ዳክዬዎች አሉበት። ይሄን የምነግራችሁ ሰው የቀረጸኝ ቪዲዮ ከመውጣቱ በፊት ብዬ ነው።

ከላይ ሆኜ ሰው ቆጠርኩ። ነጂብ አለ። ፈረንጆቹ አሉ። ሙሽሮቹም አሉ።

እማማ የሉም።

እውነቱን ልናገር። የማላውቃቸውን ሰዎች በር ሁሉ ደብድቤ የባሌን እናት በር ረስቼዋለሁ። ከኛ ክፍል ቀጥሎ ያለውን በር!

ከዚያ አየኋቸው። ሩቅ፣ ባሕሩ በነበረበት ሜዳ መሐል ቢጫ ሻርፓቸው ይታያል። ወደ ውሃው ነው የሚሄዱት።

እዚህ ጋ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሂክማን ፈትቼ ለነጂብ ሰጠሁትና ማማው ላይ ውጣ አልኩት። እኔ ልሂድ አለ። መልስ ሳልሰጠው ሮጥኩ።

የባሕር ወለል ላይ ሮጣችሁ ታውቃላችሁ? እግር ይሰምጣል። አንዱ ነጠላ ጫማዬ እዚያው ተውጦ ቀረ። ዓይኔ ከዚያ ቀጭን ክር አልተነቀለም፤ በየእርምጃው እየወፈረ ይመስለኛል። አማርኛው አልደርስ ሲል በእማማ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ "ኮታ" እያልኩ ተጣራሁ፤ ይምጡ ማለቴ ነው። ነፋሱ ድምፄን ወደ ኋላ መለሰብኝ።

ስደርስ እማማ ከአምስት ሴቶች ጋር ቁጢጥ ብለው አረም ገመድ ላይ ያስራሉ።

አዎ፣ አረም። ሴቶቹ በባሕሩ ወለል ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ የሚሸጥ የባሕር አረም ያለማሉ። ውሃው ሲሸሽ ገብተው የደረሰውን ይሰበስባሉ፣ አዲሱን ያስራሉ። ከአጠገባቸው ጆንያ ሙሉ አለ።

"እማማ፣ ውሃው ሊመጣ ነው፤ እንሂድ" አልኩ ትንፋሼ ተቆራርጦ።

"አዎ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል" አሉ ቀና ሳይሉ። "ነግረውኛል።"

ማን? በምን ቋንቋ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ መቼ ይመለሳል ለማለት በእጃቸው ባሕሩንና ፀሐይዋን አሳዩ። አንዷ ሴትዮ በስዋሂሊ "ሳዓ ሲታ" አለቻቸው። "ሳዓ" ሰዓት መሆኑ አልጠፋቸውም። "ሲታ"ን ደግሞ በልጅነታቸው ቁርኣን ሲቀሩ ያውቁታል፤ በዓረብኛም ስድስት ነው። ይባስ ብሎ እዚህ አገር ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ነው! ቀኑ ጠዋት ይጀምራል፤ ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው። እኔ ስልክ ይዤ፣ እንግሊዝኛ ይዤ ያላወቅኩትን እማማ በሁለት ቃል ጨረሱት።

ባሕሩ በየቀኑ ሁለቴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመጣል። እንደ ሠራተኛ ሰርቪስ።

"ባሕርም ይታረሳል ለካ" አሉኝ። እማማ ካራ ላይ ስንዴ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። መሬቱ ሰፈር ከሆነ ወዲህ እጃቸው የሚይዘው አጥቶ ነው የሚውለው። ዛሬ ግን ጣታቸው ከገመዱ አልነሳ አለ፤ አንደኛዋ ሴትዮ አስተሳሰራቸውን አይታ ለጓደኛዋ አሳየቻት።

ነጂብም የሆቴሉ ዘበኛ ነገሩን ሲያስረዳው ሂክማን ይዞ መጣ። አወረዳት። አለቅሳለሁ ብላ አፏን ከፈተችና አንዲት ትንሽ ሸርጣን በጎኗ ስትሄድ አየች።

"ምንድነው?"

ነገርናት። ቀጥላ ኩሬ ውስጥ ያለችውን ኮከብ የመሰለች ነገር ጠየቀች። ቀጥላ ዛጎሉን። ቀጥላ የሴትዮዋን ቢላዋ። ትናንት "ሂድ በይው" ያለችው ልጅ ዛሬ ቤቱ ገብታ ዕቃውን ሁሉ ትበረብራለች። እኛም ተከተልናት። ግማሹን አላውቀውም፤ እውነት ለመናገር ከግማሽ በላይ።

ስንመለስ እማማ ክንዴን ያዙ።

"ነጂብ የሰዉን በር ሁሉ አንኳኳች አለኝ። የኔን ለምን አለፍሽው?"

እንቅልፍ ላይ መስለውኝ ልል ነበር። የቀሰቀስኳቸው ሁሉ እንቅልፍ ላይ እንደነበሩ ትዝ አለኝ።

"ረሳሁዎት" አልኩ።

ጥቂት ሄድን።

"ታዲያ ውሃው የሚመጣ መስሎሽ ነው ወደኔ የሮጥሽው?"

"አዎ።"

ቆሙ። ባዶ እግሬን አዩት። አንዱን ጫማቸውን አውልቀው ፊቴ አኖሩልኝ። ዛጎሉ ይቆርጥሻል፣ የኔ እግር ለምዷል አሉና ቀድመውኝ ሄዱ። በር የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሱም። እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ይኸው እዚህ፣ እናንተ ፊት።

አላለቀም።

ሪሴፕሽን ላይ ያለው ወጣት ፈረንጆቹን አረጋግቶ ሲጨርስ ወደኔ መጣ። በጣም ጨዋ ነው። ወረቀት አወጣና ምድርን ሳለልኝ። ጨረቃን ሳለልኝ። በመሐላቸው ቀስት አደረገ። ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ፣ ጨረቃ ውሃውን እንዴት እንደምትስብ አስረዳኝ። ሂክማም በጥሞና ሰማች።

ከዚያ ለወሬ ያህል ሥራዬን ጠየቀኝ።

ጣሪያውን አየሁ። ነጂብ፣ አላህ ይስጠው፣ ወሬውን ሊቀይር ስለ ቁርስ ጠየቀ። እማማ ግን ከሚያውቋቸው ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱን መዘው "ቲቸር" አሉ፣ በኩራት። ልጁ ደስ አለው። የምን ቲቸር አለ።

ነጂብ ወለሉን እያየ "ጂኦግራፊ" አለ።

ዘጠነኛ ክፍል። ሰባት ዓመት። "ታይድ ማለት በጨረቃ ስበት ምክንያት የባሕር ውሃ ከፍና ዝቅ ማለት ነው" ብዬ ኖት ያስጻፍኩ፣ ፈተና ያወጣሁ፣ የሳተውን በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ያደረግኩ እኔው ነኝ።

ልጁ ወረቀቱን አጥፎ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ተማሪዎቼ እዚህ ፔጅ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስኪ ያን ጥያቄ የሳታችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ማርኩን ብመልስላችሁ ይቅር ትሉኛላችሁ?