መስኮቱ ይከፈት፣ መስኮቱ ይዘጋ

ለሁለት አበሻ አንድ መስኮት ከሰጣችሁ ጠብ ሰጣችሁ ማለት ነው። አንዱ «አየር!» ይላል፤ ሌላው «ብርድ!» ይላል... ታክሲ የተሳፈራችሁ ሁሉ ምስክሮቼ ናችሁ!

እኔ የአየር ወገን ነኝ። ከየካ አባዶ ቦሌ የምደርሰው መስኮቱ በተጠረቀመ ሚኒባስ፣ በሰው ትንፋሽ ታጥኜ ነው። ቢሮ እንደገባሁ መስኮቱን ወለል አደርገዋለሁ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት የግዢ ክፍሉ ጋሽ ሽኩር ደግሞ ተነስተው ይዘጉታል። መዝጋቱስ ይሁን... ዘግተው ሲመለሱ በግራ አፋቸው በኩል ብቻ ፈገግ ይሉብኛል! ፈገግታ ብዬ አከበርኩት እንጂ የለየለት ሽሙጥ ነው።

አኮረፍኳቸው። አኮረፉኝ። አራት ወር! በክንድ ርቀት ተቀምጠን በኢሜይል መጻጻፍ ጀመርን። «ጉዳዩ፦ ስቴፕለር እንዲመለስ ስለመጠየቅ። ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጁ።» ሥራ አስኪያጁ ግልባጩ ሲያንገሸግሻቸው ጠሩን።

«ወይ ታረቁ፣ ወይ አንዳችሁ ምድር ቤት መጋዘን ትወርዳላችሁ። እዚያ መስኮት የሚባል ነገር የለም!»

ለዕርቁ የተመደበችው የሰው ኃይሏ ማሕሌት ናት። «ሚዲዬሽን» የሚባል ስልጠና ወስዳ መመለሷ ነው። ጠባቧ የስብሰባ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችን።

«ዛሬ ማንም ማንንም ብሌም አያደርግም። ፊሊንጋችሁን ብቻ ሼር አድርጉ። ወይዘሮ ሰናይት፣ ከእርስዎ እንጀምር።»

«እኔ ፊሊንግ የለኝም። አየር ነው የምፈልገው።»

«ጋሽ ሽኩርስ?»

«ንገሪያት፤ ንፋስ አይስማማኝም።»

«እዚሁ ናቸው እኮ! ለራሳቸው ይንገሯቸው።»

 ያ የጋሽ ሽኩር የግራ አፍ ተነሳ... ደሜ ፈላ!

«ይኸው! አየሽልኝ? አሁንም እያሾፉብኝ ነው! መስኮቱንስ ቻልኩት፤ ሳቃቸውን ነው ያልቻልኩት!»

ጋሽ ሽኩር ደነገጡ። እጃቸው ወደ ጉንጫቸው ሄደ። ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሳቅ? እኔ እኮ ስቄብሽ አላውቅም፣ ሰናይት። የዛሬ ስድስት ዓመት ከወልቂጤ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሥር እንቅልፍ ወሰደኝ። ንፋስ ፊቴን መታኝ። በማግስቱ ግማሽ ፊቴ አልታዘዝ አለ። ዳነ ተብሎ የቀረው ይህ ነው፤ ስናደድ አፌ ወደ ግራ ይጎተታል።» ድምፃቸው ወረደ። «ሰው እንዳያይብኝ ስል ነበር ዝም የምለው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! ምድር ቤቱ አይበቃኝም ነበር። አራት ወር ሙሉ የሰው ሕመም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ እኔ ሽሙጥ ብዬ አነበብኩት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል... ካለመጠየቅ ደግሞ ሰው መሆን ይቀራል።

«አጥፍቻለሁ፣ ጋሽ ሽኩር። ይቅር ይበሉኝ።»

«ተይ፣ ልጄ። እኔስ አንድ ቃል ብተነፍስ ምን ነበረበት?» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ወዲያው ጠረጴዛዎቻችንን አራራቅን። እሳቸው በሩ ጋ፣ እኔ መስኮቱ ሥር። ማሕሌት ገና የዕርቅ ቅጹን ሁለተኛ ገጽ አልሞላችም ነበር።

ይኸው ከታረቅን ወር ሞላን። ጋሽ ሽኩር የአራት ወር ዝምታቸውን ሊያካክሱ ቆርጠው ተነስተዋል! ጠዋት በአያት ኮንዶሚኒየም ጎረቤታቸው ወሬ ይጀምራሉ፤ በጉልበታቸው ሕመም በኩል አድርገው ምሳ ሰዓት ላይ የልጃቸው ሰርግ ይደርሳሉ። አንዲት ደብዳቤ መጨረስ አቅቶኛል።

ትናንት ማሕሌት ቢሮ ገባሁ።

«ሰላም ናችሁ አይደል?» አለችኝ በኩራት።

«እጅግ ሰላም ነን» አልኩና በሩን ዘግቼ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ። «ማሕሌትዬ... እዚያ ስልጠና ላይ፣ ለግማሽ ቀን ብቻ የሚያኳርፍ ነገር አላስተማሯችሁም?»