ኬቶ የምትባል ሴት

(ደባርቅ። ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ዓቢይ ጾም ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። አስጎብኚው ያርጋልና ባለ በቅሎው ደምለው ወደ ስሜን ተራራ የሚወጡ ፈረንጆች ይጠብቃሉ። ያርጋል ከጥምቀት ወዲህ እህል የሚባል በአፉ አላዞረም፤ ምክንያቱንም ለማንም አልተናገረም። ደምለው፣ ያርጋል ሊያገባት የሚመኛት የእሌኒ የአጎት ልጅ ነው። ቆሎ ይዞ እጁን ዘርግቷል።)

ደምለው፦ አንዲት ጭብጥ ቆሎ እኮ ናት! መርዝ አደረግኸው እንዴ?

ያርጋል፦ አልበላም አልኩህ፣ አልበላም!

ደምለው፦ የዳባት ገብስ ነው። የእሌኒ አባት ራሳቸው ያረሱት።

ያርጋል፦ መልአክ ቢያርሰውም አልበላም። ኬቶ አትፈቅድም።

ደምለው፦ (እጁ አየር ላይ ቀረ) ማን ናት የማትፈቅደው?

ያርጋል፦ ኬቶ።

ደምለው፦ ኬቶ... የማን ልጅ ናት?

ያርጋል፦ (የቦርሳውን ማንገቻ እያጠበቀ፣ ጥያቄውን ሳይሰማ) እዚህ ደባርቅ ገና አልታወቀችም እንጂ አዲስ አበባ ስሟን ያልሰማ የለም። እኔን ያስተዋወቀኝ ባለፈው ተራራው ላይ ሳንቃበር ካምፕ ይዤው የወጣሁት ጀርመን ነው። ከጀመራት ሁለት ዓመቱ ነው።

ደምለው፦ ባለትዳሩ ጀርመን?

ያርጋል፦ ሚስቱም ጀምራለች።

ደምለው፦ ሚስቱም! (ያማትባል) በስመ አብ ወወልድ...

ያርጋል፦ ምን ያስደንቅሃል? ባልና ሚስት ተጋግዘው ሲይዟት ይቀላል።

ደምለው፦ እና... አንተ ከጀመርካት ስንት ጊዜህ ነው?

ያርጋል፦ ከጥምቀት ማግስት ወዲህ፣ ስድስት ሳምንት ሞላኝ። መጀመሪያ ላይ ታሠቃያለች። ራስ ምታት፣ ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት። እየለመድካት ስትሄድ ግን ያለ እሷ እስከ ዛሬ እንዴት ኖርኩ ትላለህ።

ደምለው፦ (ወደ በቅሎዋ ዞሮ፣ በለሆሳስ) ሰማሽው?

ያርጋል፦ ምን አልክ?

ደምለው፦ ለበቅሎዋ ነው። እሌኒስ ታውቃለች?

ያርጋል፦ አልነገርኳትም። ሰርፕራይዝ ነው።

ደምለው፦ እሱስ ሰርፕራይዝ ነው!

ያርጋል፦ ይህን ሁሉ መከራ የማየው ለማን ሆነና? ለእሌኒ ብዬ እኮ ነው። እሷን ሳላገባ በፊት በኬቶ ራሴን ማዘጋጀት አለብኝ።

ደምለው፦ በሌላ ሰው ልትለማመድ!

ያርጋል፦ (አሁንም ልብ ሳይል) በሌላ ሰውማ ተሞክሯል፤ እኔ በራሴ ነው የሞከርኩት።

(ደምለው ጠጋ ብሎ አንገቱን አስግጎ የያርጋልን አፍ ያሸታል።)

ያርጋል፦ አንተ ሰውዬ፣ ምን ታሸተኛለህ?

ደምለው፦ ጉንፋን ይዞኝ ነው። እና... ምን ምን ታበላሃለች?

ያርጋል፦ ጠዋት ሻይ በቅቤ። ምሳ ሥጋ። ማታ እንቁላል፣ እሱም በቅቤ።

ደምለው፦ የሀብታም ልጅ ናት። ረቡዕና ዓርብስ?

ያርጋል፦ ረቡዕና ዓርብማ እጾማለሁ። ጎመን በዘይት፣ ሲገኝ ደግሞ ከጎንደር የሚመጣ አቮካዶ።

ደምለው፦ ተመስገን፣ ክርስቲያን ናት! እንጀራስ?

ያርጋል፦ እንጀራ እሷ ዘንድ የለም።

ደምለው፦ ጭራሽ?

ያርጋል፦ ጭራሽ! እንጀራ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ድንች፣ ጠላ፣ ሁሉም ክልክል ነው።

ደምለው፦ ባልትና የላትማ! ወንድሜ፣ እንጀራ መጋገር ለማትችል ሴት ብለህ ነው የአጎቴን ልጅ የምታስቀይማት?

ያርጋል፦ (ማንገቻውን ለቀቀ) የምን ሴት?

ደምለው፦ ኬቶ ነቻ!

ያርጋል፦ (ሆዱን ይዞ ይስቃል) ኬቶ ሴት? አንተ ደምለው፣ ከበቅሎ ጋር መዋል እኮ እንዲህ ያደርጋል! ኬቶ ዳይት ነው! የአመጋገብ ዓይነት! እህልና ስኳር ትተህ ስብ የምትበላበት!

ደምለው፦ ሰው አይደለችም?

ያርጋል፦ ሰው አይደለችም!

ደምለው፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) እኔ ደግሞ ስለ ጀርመኑ ሚስት ስንቱን አሰብኩ።

ያርጋል፦ ተቀመጥ፣ ላስተምርህ። ወንድን ወንድ የሚያደርገው ሆርሞን ቴስቶስትሮን ይባላል።

ደምለው፦ ቴስታ?

ያርጋል፦ ቴስታ ኳስ በግንባር ሲመታ ነው! ቴስ-ቶስ-ትሮን! ሰውነት ይህን ሆርሞን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ኮሌስትሮል ደግሞ ከስብ ወገን ነው። ስለዚህ ቅቤ ስትበላ...

ደምለው፦ ወንድነት ይጨምራል።

ያርጋል፦ ገባህ!

ደምለው፦ ታዲያ አክስቴ ሸጊቱ፣ በዚያ ሁሉ ቅቤ እስካሁን ጢም ባወጡ ነበር።

ያርጋል፦ እሳቸው ፀጉራቸውን ነው የሚቀቡት! መብላትና መቀባት አንድ ነው እንዴ?

ደምለው፦ አይ፣ መጠየቄ ነው። ያንተስ ጨመረ?

ያርጋል፦ (ያስላል) ጎንደር ሄጄ በደም አስለክቻለሁ። ከመጀመሬ በፊት አምስት መቶ ሃያ ነበር።

ደምለው፦ አሁንስ?

ያርጋል፦ አምስት መቶ አሥራ ሁለት።

ደምለው፦ ስምንቷ የት ሄደች?

ያርጋል፦ የትም አልሄደችም! ሐኪሙ «ይህ ለውጥ አይባልም፤ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳን ከዚህ በላይ ከፍ ዝቅ ይላል» ብሎኛል።

ደምለው፦ ሌላስ ምን አለህ?

ያርጋል፦ ሌላ እንኳን ይህን ያህል...

ደምለው፦ በል እንጂ።

ያርጋል፦ (ድምፁን ቀንሶ) «በጣም ወፍራም የሆኑ ወንዶች በኬቶ ሲከሱ ሆርሞናቸው ከፍ ሲል ታይቷል» አለ። «ከፍ ያደረገው ኬቶው ይሁን መክሳቱ ግን ገና በደንብ አልተለየም» አለ።

ደምለው፦ (ከእግር እስከ ራሱ አይቶት) በጣም ወፍራም የሆኑ?

ያርጋል፦ አዎ።

ደምለው፦ አንተ እኮ በዚህ ወር ብቻ ቀበቶህን በምስማር ሦስት ጊዜ በስተኸዋል።

ያርጋል፦ ይህንኑ ነው እሱም ያለው። «ቀጭን ሰው ሳይጠግብ ተራራ ለተራራ ቢዞር እንዲያውም ሊቀንስበት ይችላል፤ ይልቅ በደንብ ብላ፣ በደንብ ተኛ» አለኝ።

ደምለው፦ ታመሃል አላለህም?

ያርጋል፦ (በንዴት) ፍጹም ኖርማል ነህ አለኝ! ኖርማል! እኔ ኖርማል ለመባል ነው ጎንደር ድረስ የተንገላታሁት?

ደምለው፦ ቆይ እስቲ። ወንድነት ጎደለህ ያለህ ማን ነው?

(ያርጋል ግራ ቀኙን ያያል። ከበቅሎዋ በቀር የሚሰማ የለም።)

ያርጋል፦ እሌኒ ራሷ።

ደምለው፦ እሌኒ እንዲህ አለች?

ያርጋል፦ የጥምቀት ለት፣ ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ። ዓይን ዓይኔን አይታ «ያርጋል፣ እንግዲህ ወንድ ከሆንክ ወንድ ሁን» አለችኝ። ጥላኝ ሄደች። ደምለው ሙት፣ ያ ቃል ከዚያ ወዲህ ከልቤ አልወጣም። እወዳታለሁ። ከእጄ እንዳታመልጠኝ ፈራሁ።

ደምለው፦ እና በማግስቱ ቅቤ ጀመርክ።

ያርጋል፦ ጀመርኩ። ደግሞ እሱም አልበቃ አለ። ጠጋ ስላት ፊቷን ታዞራለች። ቁጭ ስል ትነሳለች። ሆርሞኑ ገና አልደረሰም ማለት ነው ብዬ ቅቤውን እጥፍ አደረግሁት።

ደምለው፦ (ይስቃል፤ ይቀመጣል፤ እንደገና ይስቃል) እጥፍ አደረገው!

ያርጋል፦ ምን ያስቅሃል?

ደምለው፦ ያርጋል፣ አፍህ አሴቶን አሴቶን ይላል።

ያርጋል፦ (በኩራት) እሱማ ምልክቱ ነው! ስቡ ሲቃጠል በትንፋሽ እንደዚያ ይሸታል። መጽሐፍ ላይ አለ።

ደምለው፦ መጽሐፉን እሌኒ አላነበበችውም። እሷ የምታውቀው አሴቶን የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት ነው። «ሰውየው ጥፍሯን የምትቀባ ሴት ይዟል፤ እንዲህ እስኪሸት ድረስ ከሷ ጋር ነው የሚውለው። ሄደህ ማን እንደሆነች አጣርተህ ና» ብላ የላከችኝ እሷ ናት።

ያርጋል፦ ስለዚህ ነው ስታሸተኝ የነበረው?

ደምለው፦ ጉንፋንስ የለብኝም። ኬቶ ስትለኝ ስሟን አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያርጋል፦ እኔ እኮ ወንድ ሁን ስላለችኝ ነው! ሌላ ሴት... እኔ!

ደምለው፦ ወንድ ሁን ያለችህ ምን ማለቷ መሰለህ?

ያርጋል፦ ወንድ ሁን ነዋ።

ደምለው፦ አባቷ አባ ወልደ ገብርኤል ቄስ ናቸው፤ ያለ ሽማግሌ ልጅ አይሰጡም። የአዲ አርቃይ ሰዎች ለልጃቸው ሊጠይቋት እንደሚመጡ በጥምቀት ሰሞን ሰምታለች። ደፍረህ ሽማግሌ ላክ ማለቷ ነው!

ያርጋል፦ (ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል) ሽማግሌ?

ደምለው፦ ሽማግሌ! እሷ አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ላክ ስትልህ አንተ ጎንደር ደምህን ላክህ!

ያርጋል፦ (ብድግ ይላል) ፈረንጆቹን አንተ ያዝልኝ! ዛሬውኑ ሽማግሌ ፈልጌ ዳባት...

ደምለው፦ ቁጭ በል።

ያርጋል፦ ሰኞ ጾም ይገባል እኮ! የአዲ አርቃዮቹ ይቀድሙኛል!

ደምለው፦ ቁጭ በል አልኩህ። ያንተን መነሳት ብንጠብቅ ትንሣኤም ያልፍ ነበር። አጎትህ አቶ ክንዴ፣ ቄስ ተክለ ማርያምና እኔ እሑድ ዳባት ሄደን ለአንተ ጠይቀንልሃል።

ያርጋል፦ ለእኔ? እኔ ሳላውቅ?

ደምለው፦ አንተ ሥራ በዝቶብህ ነበር። አሁን ገባኝ፣ ቅቤ ስታቀልጥ ነው።

ያርጋል፦ አባ ወልደ ገብርኤል ምን አሉ?

ደምለው፦ መጀመሪያ ፊታቸውን አጠቆሩ። «ልጁን ገበያ ላይ አይቼው ነበር፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ። በሽተኛ ነው እንዴ?» አሉ። እኔም የማውቀውን ተናገርኩ።

ያርጋል፦ ምን ብለህ?

ደምለው፦ «አባ፣ ከጥምቀት ወዲህ እህል አልቀመሰም» አልኳቸው።

ያርጋል፦ እንዲህ አልካቸው?!

ደምለው፦ ዋሸሁ? ቀምሰሃል?

ያርጋል፦ አልቀመስኩም።

ደምለው፦ በቃ። ለምን እንደሆነ አላውቅ። እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ስድስት ሳምንት! ለልጄ ብሎ ሱባኤ ይዞ! የዘንድሮ ጎረምሳ አንድ ዓርብ መጾም አቅቶት ይኸው ልጅ...» ብለው በመስቀላቸው ወደ ደባርቅ ዞረው ባረኩህ። «ይህ ነው ወንድ!» አሉ።

ያርጋል፦ ወንድ ነው አሉ?

ደምለው፦ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያርጋል፦ (ዘሎ ተነስቶ) አላልኩህም! ኬቶ ይሠራል!

ደምለው፦ አንተ ሰውዬ አትድንም። የቀረው የእሌኒ ቃል ነው። አባቷ ፈቅደዋል፤ እሷ ግን ባለ ጥፍር ቀለሟ ሴት ካልታወቀች እሺ አልልም ብላለች።

ያርጋል፦ ደውልላት! አሁኑኑ ደውልላት!

(ደምለው ስልኩን አውጥቶ ኔትወርክ ፍለጋ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ይወጣል። ያርጋል የደምለውን ልብስ ጨምድዶ ይዞ ከስር ይጠብቃል።)

ደምለው፦ ሃሎ፣ እሌኒ? አዎ፣ አጣራሁ... ስሟ ኬቶ ይባላል። ቆይ፣ አትዝጊው! ሴት አይደለችም፣ ቅቤ ናት... ቅቤ! የሚበላ ቅቤ!... አዎ፣ ሽታውም ከእሱ ነው... ወንድ ለመሆን... አዎ፣ አንቺ ጥምቀት ለት ያልሽው... አዎ፣ እንደዚያ ነው የተረዳው... (ለረጅም ጊዜ ያዳምጣል) እሽ። እነግረዋለሁ። (ስልኩን ይዘጋል)

ያርጋል፦ ምን አለች? ደምለው፣ ምን አለች?

ደምለው፦ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ትንሽ አለቀሰች መሰለኝ። ከዚያ እንደገና ሳቀች።

ያርጋል፦ እሺ ብላለች?

ደምለው፦ እሺ ብላለች።

ያርጋል፦ (ሰማይ ሰማይ እያየ) ተመስገን!

ደምለው፦ ግን አንድ ነገር ንገረው ብላኛለች።

ያርጋል፦ ምን?

ደምለው፦ «ከእንግዲህ እስከ ዕለተ ሞቴ ወንድ ሁን አልለውም፤ ደግሞ ምን ሊበላ እንደሚነሳ አላውቅም» ብላለች።