ሊቀ ሰርቨር ምንዋጋው

በዚህ አገር «አትንኩት!» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ አያውቅም። በ2000 ዓ.ም ለሰቆጣው የዞን መሥሪያ ቤት የደረሱት አቶ ምንዋጋው ነበሩ። የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ እንደ ማዕተብ አንገታቸው ላይ አስረው ይዞራሉ፤ ሠራተኛው በሹክሹክታ «ሊቀ ሰርቨር» ይላቸዋል።

ከየወረዳው በኔትወርክ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው ከፊት ባለችው አንዲት ማሽን ላይ ነው። እሷ በተጻፈላት ደንብ የጤናውን ወደ ጤና፣ የእርሻውን ወደ እርሻ ሰርቨር ትመራለች። ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች እያነበበች መጀመሪያ የገጠማትን ስለምትፈጽም፣ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ጥያቄው የሰው ቤት ይገባል። ደንቡን የሚጽፉት ደግሞ አቶ ምንዋጋው ብቻ ናቸው።

ወጣቷ የኮምፒውተር ባለሙያ የሺመቤት አብራቸው ተመድባ፣ በስምንት ወር ያስነኳት ነገር ቢኖር የአቧራ መጥረጊያውን ነው።

«ጋሼ፣ እኔም እኮ ተምሬዋለሁ።»

«ተምረሽ ይሆናል። አትንኪ።»

የመሥሪያ ቤቱ ወጣት ኃላፊ የራሱ የሪፖርት ገጽ ከሁሉ እንዲቀድም ቢያዛቸው «ጌታው፣ በሽተኛ ይቀድማል» ብለው ሸኙት። ለማንም የማይበገሩ፣ ምንም የማያስነኩ መሆናቸውን አይታ የሺመቤት አምርራ ጠላቻቸው።

ነሐሴ ላይ ወንድማቸው ሞተና ለቀብር ሄዱ። ቁልፉን ለሷ ሰጡ። በማግስቱ ኃላፊው መጣ። «እንግዶች እየመጡ ነው፤ የኛ ሪፖርት ይቅደም» አለ። የሺመቤት ይህችን ቀን ነበር የምትጠብቀው። አንድ መስመር ጽፋ ከሁሉ በላይ አስቀመጠችው። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። «ጎበዝ!» አላት።

ደንቡ በተጻፈ በሦስተኛው ቀን ከደሃና ወረዳ ነርሱ ደጅይጥኑ ደወለ። «ተቅማጥ ገብቶብናል። ግሉኮስ ከጠየቅን ሁለት ቀናችን፤ ምነው ዝም አላችሁን?»

ሮጣ ብታይ፣ የሷ ደንብ ከመጠን በላይ ሰፍቶ የጤናውን ጥያቄ ሁሉ ወደ ሪፖርቱ ሰርቨር ጠርጎታል። ደንቡን አጠፋችው። መድኃኒቱ የዚያኑ ቀን ተጫነ፤ ሲደርስ ግን ሁለት ሰው ተቀብሯል።

አቶ ምንዋጋው ራሳቸውን ተላጭተው ከሐዘን ሲመለሱ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ጩኸት ጠበቀች።

«የሞቱት እነማን ናቸው?» አሉ።

«አላወቅሁም።»

«ስማቸውን ጠይቂ።»

ጉዳዩን ሊያጣሩ በተላኩት ሰዎች ፊት ደግሞ «ቁልፉ የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው» አሉ። ኃላፊው አንገቱን ደፋ። የሺመቤት ልትነሳ ስትል «ተቀመጪ!» ብለው ገሠጿት። ኮምፒውተር በሌለበት ኒሯቅ፣ የጆንያ መጋዘን ጠባቂ ሆነው ተዛወሩ።

ጥቅምት ላይ ኒሯቅ ድረስ ሄደች። በርጩማቸውን ለሷ ለቀው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ለክልሉ የጻፈችውን ደብዳቤ ሰጠቻቸው፤ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደጻፈ፣ የሁለቱም ሟቾች ስም ሳይቀር ሰፍሮበታል። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት።

«ያባርሩሻል» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«አይሆንም። እኔ ሸምግያለሁ።» ደብዳቤውን አጥፈው የውስጥ ኪሳቸው ከተቱና የኮታቸውን አዝራር ቆለፉበት። ከዚያ ምሳ እንድትበላ አጥብቀው ያዟት።

እሷም በላች። ኪሳቸው የገባው ግልባጩ መሆኑን፣ ዋናውን ከሰቆጣ ሳትነሳ ፖስታ ቤት እንዳስገባችው አልነገረቻቸውም።