ምራቴን በማይክ ያዋረድኩበት ስብሰባ

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የማላውቃት ሴት የስፖንጅ ፍራሽ አሸክማ መጥታ "ይተኙበት፣ እናቴ" አለችኝ። አታምኑኝም አይደል? እኔም አላመንኩም!

ምራቴ ሂሩት አጠገቤ ቆማ ነበር። አመስግና ተቀበለችና ታክሲ ላይ አስጫነችው።

የቤቴን ጉዳይ ፌስቡክ ላይ የምጽፍ ሴት አይደለሁም። እስከ ዛሬ የለጠፍኩት የበዓል ሰላምታ ብቻ ነው። አሁን ግን መናገር ተፈቅዶልኛል፤ ስሙኝ።

ባለፈው ወር ፍሬ የምትባል ወጣት እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 ሰፈር ቤቴ ድረስ መጣችብኝ። ስለ ቤት ሠራተኞች ስብሰባ እያዘጋጀች ነው። ሰው ቤት አድራ የምትሠራ አንዲት ልጅ በአማርኛ ትናገራለች፤ እኔ ወደ ፈረንሳይኛ እተረጉማለሁ።

የገባችልኝ ቃል፦ ትንሽ ክፍል። ጥቂት ሴቶች። ካሜራ የለም። አሠሪ አይገባም።

እኔ የገባሁላት ቃል አንድ ነው፦ ከዐሥር ደቂቃ አላልፍም።

ልጅቷን ብርቄ እንበላት። ስሟ አይደለም። የምትተኛው ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው። እሑድ አታርፍም። ፓስፖርቷ በእመቤቷ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። መናገሯ ከታወቀ በማግስቱ ጎዳና ላይ ናት፤ ያለ ፓስፖርት፣ በሰው አገር።

በስብሰባው ቀን መውጣት የቻለችው እመቤቷ "ስብሰባ አለኝ" ብላ ስለሄደች ነው።

የትኛው ስብሰባ? ብሎ የጠየቀ የለም!

ደረስን። ትልቅ የሆቴል አዳራሽ። ባነር። ካሜራ በየጥጉ። ለካ ጥሪው ለሰፈሩ ሁሉ ደርሷል! ሂሩት ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ መሐል ተቀምጣ "አማቴ ናቸው" እያለች ለጎረቤቶቿ ታሳየኛለች።

"ፍሬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ማዘር፣ ስፖንሰሮቹ ሁለቱም ወገን ይሰማ አሉ። አሠሪዎችም ተጋብዘዋል። አሪፍ አይደል?"

"አልነገርሽኝም።"

"ትናንት ነው የተወሰነው። ብነግርዎት ይቀሩብኝ ነበር።"

እውነቷን ነው። እቀር ነበር።

ብርቄ ክንዴን ጨመቀችው። "እማማ፣ ከፊት... ሰማያዊ ሻሽ ያሰረችው..."

እመቤቷ! ከክብር እንግዶች መሐል!

ነጠላዬን አውልቄ ብርቄን ተከናነቢ አልኳትና በጓሮ በር አስወጣኋት። "ታክሲ ያዢ። ቤት እስክትደርሺ እዚህ አቆያታለሁ።"

በምን አቆያታለሁ? እኔ እንጃ።

ፍሬ እየሮጠች መጣች። "ተናጋሪዋስ?"

"አመማት።"

"ማዘር፣ ፕሮግራሙ ላይ ታትሟል! ጉድ ሊሠሩኝ ነው? እባክዎ እርስዎ አንድ ነገር ይበሉ!"

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ከፊት የተቀመጠ የክብር እንግዳ ንግግር ሳያልቅ ተነሥቶ አይወጣም። ማይኩን ያዝኩ።

"አንዲት ልጅ አለች" ብዬ ብጀምር ሴትየዋ "የማን ቤት ልጅ?" ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ "የምተኛው ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው።"

በፈረንሳይኛም በአማርኛም። ማንም እንዳያመልጠው!

የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ዞረ። ወደ ሂሩት።

ሂሩትም ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ሌላ ሰው መስሏት።

"እሑድ አላርፍም። ብታመምም 'ተነሺ' እባላለሁ።"

እመቤቲቱ ሰዓቷን አየችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። የብርቄ ችግር ደግሞ አልቆብኛል! ምን ላድርግ? ጨመርኩበት።

ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚሰጡኝ አልኩ። (ስኳር በሽታ አለብኝ። እሱን አልጠቀስኩም።) ቴሌቪዥን ይዘጋብኛል አልኩ። ለፋሲካ ጨርቅ አልተገዛልኝም አልኩ፤ ሂሩት ለፋሲካ የገዛችልኝን ቀሚስ ለብሼ!

ፍሬ "ሁለት ደቂቃ" የሚል ወረቀት አነሣች። ከዚያ "አብቅቷል" የሚል። ከዚያ በሁለት እጇ አውለበለበችው። ከኔ ቀጥሎ የሚናገሩት ዶክተር ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጣሉ።

"ኧረ ይብቃ፣ አንጀታችንን በሉን!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

የኔ ልብ ታክሲዋ ውስጥ ነው። የወደቡን መንገድ ከባድ መኪና ዘግቶት ይሆን? ደርሳ ይሆን? ድምፄ እስኪሰለል ተናገርኩ።

ፍሬ ቃሏን አፈረሰች፤ እኔም ዐሥሯን ደቂቃ እንዳልነበረች አደረግኳት።

ከመድረክ ስወርድ ቀድማ የደረሰችልኝ ማን ትመስላችኋለች? እመቤቲቱ! ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እጄን ይዛ በፈረንሳይኛ "ማማ፣ ምን ዓይነት ምራት ናት? ሰው እንዴት ወለል ላይ ይተኛል? እኔ ቤት ባዶ ክፍል አለ፤ ይምጡ" አለችኝ።

ባዶ ክፍል አለ!

ምላሴን ነከስኩ። በዕድሜዬ እንዲያ ነክሼው አላውቅም።

ብርቄ ቀድማ ደርሳለች። እመቤቷ ስትገባ ሽንኩርት እየላጠች አገኘቻት።

እውነቱን ለሂሩት የዚያኑ ዕለት ማታ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ "ለሰው መናገር እችላለሁ?" አለች። አትችይም አልኳት። ወሬው ሴትየዋ ጆሮ ቢደርስ ብርቄ አለቀላት።

አልተናገረችም። ቪዲዮው ሼር ሲደረግ ዝም። ገበያ ላይ ሰላምታ ሲነሷት ዝም። ዳቦ ሻጯ "ይቺን ለእናትየዋ ስጪያቸው" እያለች አንድ ስትጨምርላት ተቀብላ ዝም።

ፍሬም ሁሉን ስትሰማ አለቀሰች። ይቅርታዋ ግን በአፍ ብቻ አልቀረም፤ ጠበቃ ይዛ ሄዳ ፓስፖርቱን አስመለሰች። ብርቄ ትናንት ድሬዳዋ እኅቷ ቤት ገባች። ደውላ "አሁን ይናገሩት፣ እማማ። የሂሩት ስም ይጥራ" አለችኝ።

እንግዲህ ይኸው። ቤታችን ውስጥ ኤሲ ያለው አንድ ክፍል ነው፤ የምተኛበት እኔ ነኝ። ሂሩትና ልጄ በዚህ ሙቀት ሳሎን፣ ማራገቢያ ሥር ነው የሚያድሩት። ሼር ያደረጋችሁ ሁሉ ይህንንም ሼር አድርጉ።

ከሰዓት በኋላ ፍሬ ደወለች። ሌላ ስብሰባ አለ። ገና "አይ" ሳልል ሂሩት ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

"እነማን ናቸው የሚቀመጡት? ካሜራ አለ? ነገሩ ከተቀየረ ቀድመሽ ትነግሪናለሽ? እሺ። እንግዲያው ተናጋሪዋ እኔ ነኝ። ከአማት ጋር ስለ መኖር። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይተረጉማሉ። ደቂቃ እንዳትገድቢብኝ።"

ዘጋችው። አልሳቀችም።

ፈረንሳይኛ የምትችሉ ሰዎች፣ አስተርጓሚ የሰማውን ሁሉ መተርጎም ግዴታው ነው እንዴ?