የአማቴ ቅቤና የጋራ ገበያ

በዚህ ዘመን እንደ ቅቤ የተከበረ መንገደኛ አላየሁም። የሆላንድ ቅቤ ያለ ፓስፖርት ይነሣል፣ ሦስት አገር አቋርጦ ሮም ይገባል፣ ወዴት ነህ ብሎ የሚያስቆመው የለም። የአውሮፓ የጋራ ገበያ ማለት ይኸው ነው። ይህን የምለው ደግሞ ከመሬት ተነሥቼ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። እዚህ ሮም በአንድ ዓለም አቀፍ የምግብ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ ጣሊያን ከጦርነቱ ፍርስራሽ ወጥታ ገበያዋን ወለል አድርጋ ስለ መክፈቷ ሦስት ወር ሙሉ ጽፌአለሁ። ቀረጥን እንደ ጠላት ረግሜ፣ ነፃ ንግድን እንደ ታቦት አክብሬ! አለቃዬም አንብቦ ብራቮ ብሎኛል። ያ ወረቀት ዛሬ እጄ ቢገባ ምን እንደማደርገው እኔ ነኝ የማውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ውብነሽ የመጀመሪያ ልጃችንን ወለደች። እናቷ መጥተው እንዳያርሷት የመውጫ ቪዛ ተከለከሉ። ታዲያ አራስ ያለ ገንፎ እንዴት ትጠናለች? እኔ ከሱቅ በገዛሁት ቅቤ ባገነፋሁ ቁጥር ውብነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ይኼ የእማዬ ቅቤ አይሸትም ትላለች። ጡቷ ወተት አልያዘም። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ እሷም ታለቅሳለች። በመጨረሻ አማቴ የገብስ ዱቄት፣ በርበሬና ራሳቸው ያነጠሩትን ቅቤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ላኩልን።

ጉምሩክ ተጠርቼ ወደ አየር ማረፊያ ሄድኩ። መኮንኑ ዱቄቱን አሳለፈ። በርበሬውን አሽትቶ፣ አስነጥሶ አሳለፈ። ጣሳውን ሲከፍት ግን ቆም አለና፣ አሎራ ሲኞሬ፣ ይኼ ምንድን ነው፣ ከየት ነው አለኝ። እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ምን ነበረበት? እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ፣ የኢትዮጵያ ቅቤ ነው፣ የሰላሌ ላም፣ አውሮፓ እንዲህ ያለውን በሕልሟም አላየችው አልኩት። ቫ ቤኔ፣ መልካም አለና ማኅተሙን አነሣ። ከጋራ ገበያው ውጭ የመጣ ቅቤ ያለ ፔርሜሶ፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት፣ አይገባም፤ ይቃጠላል አለኝ።

ደሜ ፈላ። የራሴን የመኖሪያ ፔርሜሶ ለማግኘት ዓመት ሙሉ ተሰልፌ፣ አሁን ደግሞ ለቅቤ? አማቴን የገዛ መንግሥታቸው አላስወጣ፣ ቅቤያቸውን የሰው መንግሥት አላስገባ! ገበያችሁ ክፍት ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ጮኽኩበት። እሱም በትሕትና፣ ክፍት ነው፣ ለእኛ አለኝ። በሦስት ወር ጽሑፌ ውስጥ ይህችን «ለእኛ» አንድ ቦታ እንኳ አላስገባኋትም። አራስ አለችኝ ብዬ ብለምነው አውጉሪ አለኝ፤ እኛ እንኳን ማርያም ማረቻት እንደምንለው መሆኑ ነው። ይህን ብሎ ጣሳውን ወሰደ።

ዱቄቱ ውስጥ የአማቴን ደብዳቤ አገኘሁና አውቶቡስ ላይ አነበብኩት። «ልጄ፣ ቅቤ ከገበያ ጠፍቶ ስጨነቅ አንዲት ጎረቤቴ የእርዳታ ቅቤ አገኘችልኝ። ከወደዚያው ከአውሮፓ የመጣ ነው። በኮረሪማና በኮሰረት አነጠርኩት። በራሱ ቆርቆሮ ልልከው ነበር፤ ዳሩ ግን ‹ከአውሮፓ ሕዝብ የተሰጠ› የሚል ጽሑፍ አለበት። እንግዳ ቢያይባችሁ ነውር ነው ብዬ ወደ ሌላ ጣሳ ገለበጥኩት። ለውብዬ እንዳትነግርብኝ። የተረፈውን ቅመም በወረቀት ጠቅልዬ ዱቄቱ ውስጥ አድርጌዋለሁ።»

በእሳቸው ይሉኝታና በእኔ ጉራ መካከል የአውሮፓ ቅቤ በገዛ አገሩ ተቃጠለ! እየተናደድኩ ወደ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ወረድኩ፣ የሆላንድ ቅቤ ገዛሁ፣ ቤት ገብቼ በአማቴ ቅመም አነጠርኩት፣ አገነፋሁበት።

ውብነሽ ሳህኑን ጠርጋ በላች። ይኼ ነው የእማዬ ቅቤ፣ የፈረንጅ ላም መቶ ዓመት ብትታለብ እንዲህ አይወጣትም አለች። በሁለተኛው ቀን ወተቷ መጣ። እኔ እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ነኝ። ምን ልበላት? ሁለቱም የአውሮፓ ላም ቅቤ ነው፤ አንዱ በቀጥታ ስለመጣ ተበላ፣ ሌላው በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ስለመጣ ተቃጠለ።